ሽቦው ሲያጥር

ዓለም ከተማ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና ጫኔ፤ መሀል ሜዳ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔም ባለቤቴም ልጆቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ምስክር መናኸሪያ ላይ ሲሰጠኝ ገና ሳልከፍተው ከማን እንደሆነ አወቅሁ። አሥረኛ ክፍል ሳስተምርሽ አራት ቁጥርን እንደ ተገለበጠ ወንበር ትጽፊው ነበር፤ ዛሬም አልተውሽውም። ስልኩ ቢሠራ ደውዬ ድምፅሽን በሰማሁ ደስ ባለኝ። ኔትወርኩ ከጠፋ ግን ከረመ።

እዚህ መርሐቤቴ ጤፉ ታጭዶ እየተከመረ ነው። እንደ መንዝ ያለ ብርድ የለም። መጀመሪያ ስመጣ ሌሊት ያለ ባና መተኛት ጉድ ሆኖብኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሰፊ ነው፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቤተ ሙከራ ግን የለንም።

በፍሬው የሞተር ጥገና ቤት መቀጠርሽን ስሰማ ኮራሁ። ሴት ልጅ የወፍጮ ሞተር ፈትታ ስትጠመጥም ማየት የሚያስደስት ነው። ከተማሪዎቼ መካከል እጅሽ ከሁሉ ይልቅ ሥራ ይወድ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ያኔ የነበርንባት የቀየት የባና ሠሪ ሴቶች ማኅበር ቤት ከተቃጠለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የመብራት መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ በነፃ፣ ለበጎ ሥራ ብዬ ቅዳሜና እሑዴን ሰጥቼ። የበጉን ጠጉር ማጠቢያ ውኃ የሚፈላባቸውን ሁለቱን ምድጃዎች ደግሞ የሠራው አባትሽ ጫኔ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከቆጣሪው ሥር በቫልቮላው፣ በፊውዙ ቦታ ምን ተደርጎ ነበር ላልሽው ግን በእውነቱ አላስታውስም። ያን የመብራት ሰሌዳ ብዙ እጅ ነክቶታል። ከእሳቱም በኋላ አንዱ መጥቶ የፈለገውን ሰክቶበት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በጊዜው ተመርምሮ በሽማግሌ አልቋል። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ያለፈ አመድ መቆስቆስ ዓይን ከማጥፋት በቀር አይጠቅምም። ይህን እንደ መምህርሽ ነው የምመክርሽ።

ለመሆኑ ሰሌዳውን በምን አጋጣሚ አየሽው? አባትሽን ጫኔን ሰላም በይልኝ። ለእናትሽ ለጥሩሸዋም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የእሷን ሸክላ የሚያህል እዚህ አገር አላገኘሁም።

መምህርሽ
መርስዔ ኃዘን

መሀል ሜዳ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር መምህር መርስዔ ኃዘን፤ ዓለም ከተማ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። እኔም ደህና ነኝ። እዚህ ውርጩ ገብስ እያቃጠለ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መፍቻው እጄ ላይ ይጣበቃል።

በምን አጋጣሚ እንዳየሁት ጠይቀውኛል። ማኅበሩ ቤቱን ዘንድሮ እንደ አዲስ አሠርቷል። የጓሳው ሣር ቀርቶ ቆርቆሮ ተከድኗል። መስመር የሚዘረጋላቸው ፈልገው ወደ ፍሬው መጡ፤ ፍሬውም እኔንና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ላከን። በሩ ላይ ወይዘሮ አደይ ተቀበሉን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አሁንም እሳቸው ናቸው።

«የጫኔ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ከዚህ አትለፊ፤ ጠልቼሽ አይደለም» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከእሳቱ ውስጥ ጠጉር ሲጎትቱ የተቃጠለው ቆዳ ጣቶቻቸውን አጣብቋቸዋል። እንደ ድሮው እንዝርት መያዝ አይችሉም።

ባልደረባዬ ገብቶ ሲለካ እኔ ውጭ በአሮጌው ግንብ ሥር ተቀመጥኩ። ያ ግንብ አልፈረሰም። የድሮው ሰሌዳ ጠቁሮ አሁንም ተሰቅሎበታል። ጥቀርሻውን በጣቴ ስጠርገው ሸክላው የቫልቮላ ቤት ታየኝ። ጭነት ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው ቀጭኑ ሽቦ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የክብሪት እንጨት ያህል የወፈረ የመዳብ ሽቦ በሦስት ዙር ታስሯል። ፈትቼ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤዋለሁ።

መምህር፣ ከሴቶቹ መካከል ሰሌዳውን መክፈት የሚችል አልነበረም። አባቴ ብረት ከእሳት በእጁ ቢያወጣም መብራት ይፈራል፤ ቆጣሪ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።

ሂሳቡን እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ አንድ ምድጃ ነበር፤ አንድ ሺሕ ዋት። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለአንድ ሺሕ ሲካፈል የሽቦው ረዚስታንስ 48.4 ኦም ይሆናል። የሚስበው አራት ተኩል አምፔር ነው። ማኅበሩ ሁለተኛ ምድጃ ሲፈልግ ያንኑ ጥምዝ ሽቦ አባቴ ለሁለት እንዲቆርጠው አዘዙት። እያንዳንዱ ግማሽ 24.2 ኦም ሆነ። እርስዎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምፔሩን አራት ተኩል ላይ እንዳለ አቁመው በራሱና በ24.2 አባዙትና አምስት መቶ ዋት አገኙ። «ሁለት ምድጃ፣ ያው አንድ ሺሕ ዋት» አሉን። ነገር ግን ከመስመሩ የሚመጣው፣ የማይለወጠው ቮልቱ ነው። ሽቦው ሲያጥር አምፔሩ ይጨምራል። ሁለት መቶ ሃያ ለ24.2 ዘጠኝ አምፔር ነው። አንዱ ምድጃ ሁለት ሺሕ ዋት፣ ሁለቱ አራት ሺሕ። በዚያ ቀጭን የአምፖል መስመር ዐሥራ ስምንት አምፔር አለፈበት ማለት ነው።

ያን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልጽፈው የተነሣሁት ይህንኑ ነበር። አላስጨረሱኝም። ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ያስታውሱታል።

መዳቡን ማን አሰረው?

ተማሪዎ
ትሕትና

ዓለም ከተማ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። መልሴ የዘገየው የፈተና እርማት ስለ በዛብኝ ነው። በዚያ ላይ ምስክር ጎማ ፈንድቶበት ሳምንት ጁሁር ከተማ ቆሞ ነበር። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ሂሳብሽ ትክክል ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠራሁት ስሕተት የጥድፊያ ስሕተት ነበር። ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው አንዳንድ ጊዜ እግሩ ይስታል፤ አንቺም ወደ ፊት ስታስተምሪ ታይዋለሽ።

መዳቡን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስነግርሽ ግን ሁኔታውን እንድትረጂልኝ ነው። ቫልቮላው ተቃጠለ። ቀየት ሌላ አልተገኘም፤ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ሴቶቹ ለፋሲካ የሚደርስ የባና ሥራ ተቀብለው ነበር፤ «መምህር፣ ውኃው ቀዘቀዘብን፤ በቀዝቃዛ ውኃ ጠጉር ስናጥብ ጣታችን ሊቆረጥ ነው» እያሉ በር በሬን ያንኳኩ ነበር። ለሁለት ቀን ብዬ አሰርኩት። ይህን የማያደርግ መብራት ሠራተኛ በአገሩ ያለ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ሥራ በዛ፤ ተዘነጋ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እስክንገናኝ ድረስ ሽቦውን ለማንም አታሳዪ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ታጭቻለሁ። አሁን ይህ ነገር ቢነሣ የሚጠቀም የለም፤ ቤቱም ተሠርቷል፣ ወይዘሮ አደይም በሕይወት አሉ።

ለጫኔ ሰላምታዬን። ስለ ጥሩሸዋ ምንም አልጻፍሽልኝም፤ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ተሻላት? ለእሷ አንድ ኪሎ የመርሐቤቴ ማር በምስክር ልኬላታለሁ።

መርስዔ ኃዘን

መሀል ሜዳ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር መርስዔ ኃዘን

እንደምን አሉ? ማሩ ደርሷል። ለጥምቀት ወደ ግሼ ስሄድ ለአባቴ ወሰድኩለት፤ ሰላምታዎንም ነገርኩት። ለእናቴ ግን ማድረስ አልቻልኩም። እናቴ ባለፈው ሐምሌ ዐርፋለች።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ስሟን ሲያነሡ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ያን ጊዜ ብነግርዎ ለሐዘኔ ብለው እውነቱን ይነግሩኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለራሱ ብለው እንዲነግሩኝ ነበር የፈለግሁት።

እርስዎ እሳቱ በተነሣበት ዓመት ግንቦት ተዛውረው ስለሄዱ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቁም። መጀመሪያ ገበያ ላይ ከእናቴ ሸክላ የሚገዛ ጠፋ። ቀጥሎ የገዙት መመለስ ጀመሩ፤ ደጃችን ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስንወጣ ዐሥራ አንድ ጋን ተደርድሮ አገኘን። አባቴን ማረሻ የሚያሠራው ሰው አልቀረም። «እጁ እሳት ጠሪ ነው» ተባለ። እኛ ዱሮም ሰው በጎን የሚያየን ነን፤ ከዚያ ወዲህ በጎንም የሚያየን ጠፋ። ዓምና በጥቅምት ወናፉንና ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን በሁለት አህያ ጭነን የአባቴ የአክስት ልጅ ወዳለበት ወደ ግሼ ሄድን።

እናቴን የገደላት ሳል ነው። እሳቱ ገደላት አልልም። ግን በማናውቀው አገር ክረምቱ ገብቶ፣ ገና ዕድር ሳንገባ ነው የሞተችው። ቃሬዛውን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አባቴ ነበር።

መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ አባቴን ውጭ አቁመውት ስለነበር ውስጥ ምን እንደ ተባለ እስከ ዛሬ አያውቅም። «መምህሩ ስለኔ ምን አለ?» እያለ ይጠይቀኛል። ምን አሉ?

ትሕትና

ዓለም ከተማ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሕትና፣

ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ለሞተች ሴት ማር ላክሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ማር ሳስብ ፊቴ ይቃጠላል።

የጠየቅሽኝን እጽፋለሁ። አስቀድሞ ግን ባለፈው የጻፍኩልሽን ላርም፤ ግማሹ ሐሰት ነውና።

ሽቦውን ያስቆረጥኩ ቀን አባትሽ መቁረጫውን ይዞ ቆም አለ። «መምህር፣» አለኝ፣ «ይህ ሽቦ ሲያጥር አይብስበትም? እኔ እንዳየሁት አጭሩ ይበልጥ ይቀላል።» እኔም «እሱ በዓይን ሳይሆን በሂሳብ ነው የሚታወቅ» አልኩት። ሳቀና ቆረጠው። ይህን ሂሳብ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እንደ ትልቅ ምሳሌ አቀረብኩት። አንቺ እጅሽን አውጥተሽ «መምህር፣ አምፔሩ እኮ አይቆምም» አልሽ፤ ጠመኔውንም ልትቀበይኝ መጣሽ። ያን ጊዜ ያልኩሽን አንቺ አልጽፈውም ብለሻል፤ እኔ ልጻፈው። «ሂሳቡን ለኛ ተይልን፤ አንቺ ሄደሽ ለአባትሽ ወናፍ ንፊ» አልኩሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቫልቮላው የተቃጠለው እሳቱ ሊነሣ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሁለተኛ አሰርኩ፤ ወዲያው ተቃጠለ። ያን ጊዜ ደንጋይ ላይ ተቀምጬ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሠራሁት። ዐሥራ ስምንት አምፔር። አንቺ እንዳልሽው። ትሕትና፣ ዐውቄ ነበር። ስሕተቱን በእጄ ላይ ጽፌ አይቼዋለሁ። አንዱን ምድጃ አንሡ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንሡ ካልኩ ግን ለምን ይሉኛል፤ ወሬው ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ የጫኔ ልጅ ልክ ነበረች ይባላል። መዳፌን በምራቄ አጠፋሁትና መዳቡን አሰርኩ።

መጋቢት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ በቀትር፣ መስመሩ በጣሪያው ሣር ሥር ግሎ ተያያዘ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ወይዘሮ አደይ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ፣ «እሳቱ ከላይ ነው የወረደው፤ ምድጃው ዘንድ ምንም አልነበረም» ብለው ነበር። ቄስ ወልደ ሥላሴ ወደኔ ዞረው «መምህር፣ የተማርከው አንተ ነህ። ከምድጃው ነው ከመስመሩ?» አሉኝ።

«ከምድጃው ነው። ፍንጣሪው ወደ ጣሪያው ዘሎ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ።»

የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባትሽ ደጅ ላይ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል። ተያየን። እኔ የምመሰክርለት መስሎት እጅ ነሣኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ምን እንደምታደርጊ መብቱ ያንቺ ነው። ምን ላድርግ? ወደ ቀየትስ ብመጣ ምን ያደርጉኛል?

መርስዔ ኃዘን

መሀል ሜዳ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር መርስዔ ኃዘን

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ሆኜ ጀመርኩት፤ መጨረስ ስላልቻልኩ ወጥቼ ከወፍጮው ቤት ጀርባ ጨረስኩት። ፍሬው ምን ሆንሽ ሲለኝ የሞተር አቧራ ዓይኔ ገባ አልኩት።

ምን ያደርጉኛል ላሉት፣ አላውቅም። ሊጮሁብዎ ይችላሉ። ዝም ሊሉም ይችላሉ። ሊከስሱዎም መብት አላቸው። በዚህ ላይ ላጽናናዎ አልችልም።

ምን ላድርግ ላሉት ግን አስቤበታለሁ። ለኔ መጻፍዎ መልካም ነው፤ ለኔ ግን አዲስ ነገር አልሆነብኝም። ቁጥሩን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። የማያውቁት ቀየቶች ናቸው። መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ አባላት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይሰበሰባሉ። የአዲሱን ቤት መስመር ማን እንደሚዘረጋ የሚወስኑት ያን ቀን ነው። ፍሬው እኔን ካልተቀበሉ ሥራውን እንደሚተው ነግሯቸዋል።

ደብዳቤዎን ለቄስ ወልደ ሥላሴ ሰጥቼ ማስነበብ እችል ነበር። አልሰጥም። የአባቴ ስም የጠፋው በእርስዎ አፍ ነው፤ በዚያው አፍ ይመለስ። ባይመጡም ወረቀቱን አላወጣውም። ሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ ስለማውቅ በማንም ላይ አላደርገውም።

ስለ አባቴ፦ ሄጄ አነበብኩለት። ሙሉውን፣ ወናፍ ንፊ እስካሉት ድረስ። ያን ሲሰማ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ተነሥቶ ወጣ፤ በጎቹን ቆጥሮ እስኪጨርስ ቆየ። በጎቹ አራት ናቸው።

ትሕትና

መሀል ሜዳ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር መርስዔ ኃዘን

ደህና ገቡ? ምስክር ዓለም ከተማ በሰላም እንዳደረሰዎ ነገረኝ።

እሑድ በቅጥሩ ሥር ሲናገሩ እዚያ ነበርኩ። ከሴቶቹ ኋላ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆሜ ሰማሁ። እርስዎ ቀና ስላላሉ አላዩኝም። ድምፅዎ ክፍል ውስጥ እንደማውቀው አልነበረም፤ የኋለኞቹ «ጮክ በል» ሲሉዎ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመርዎን አየሁ። ሁለት ጊዜ መናገር ከብዶዎት እንደነበር ገባኝ።

ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። መጀመሪያ አንዷ «ይከሰስ!» አለች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። ወይዘሮ አደይ ተነሡ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስጸልይ የተሳሳተ ሰው ስረግም ነበር» አሉ። «መምህሩን ለመንግሥት መንገር ካለብን እንነግራለን። እኔ ግን አስቀድሞ የኔን ዕዳ ነው የማየው። ጋኑን ከመለሱት አንዷ እኔ ነኝ።» ቄስ ወልደ ሥላሴም «በር ላይ አቁሜው ፈረድኩበት» ብለው አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም።

ሰኞ ጠዋት ቄሱና አራት ሴቶች ወደ ግሼ በእግር ወጡ። እኔ ቀድሜ ደርሼ ለአባቴ ነግሬው ነበር። ደንጋይ ተሸክመው ደጁ ላይ ቆሙ። አባቴ ደንጋዩን ከወይዘሮ አደይ ጫንቃ ላይ በራሱ እጅ አወረደላቸው። እጃቸውን ሲያይ እሱም አለቀሰ። «እናንተን ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን» አላቸው። ወደ ቀየት ተመለስ ሲሉት ግን «ጥሩሸዋ ያለችው እዚህ ነው፤ የትም አልሄድም» አለ።

እኔ ከነገ ወዲያ የማኅበሩን ቤት መስመር መዘርጋት እጀምራለሁ። ወይዘሮ አደይ ቁልፉን ሰጡኝ። ለምድጃዎቹ ወፍራም ሽቦ ለብቻው፣ ለአምፖሎቹ ቀጭኑ ለብቻው፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ቫልቮላ። አምፔሩን በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ ራሳቸው እያዩ እንዲደምሩ።

«አባትሽ ይቅር ብሎኝ ይሆን?» ብለው በምስክር ጠይቀውኛል። አላለም። ጠየቅሁት። «ለሱ በወረቀት አልመልስለትም፤ ይምጣ» አለኝ። «በገበያ ቀን ይምጣ፤ በመንደሩ መሀል አልፎ፣ ሰው ሁሉ እያየው ቤቴ ይግባ።» በግሼ ገበያው ሐሙስ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን አልገኝም፤ ብገኝም አልገባም ነበር። የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

ትሕትና

ዓለም ከተማ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና ጫኔ፤ መሀል ሜዳ

እንደምን ሰነበትሽ? ሄጄ ተመልሻለሁ። አባትሽ ምን እንዳሉ ለማወቅ እንደምትጓጊ ስለ ገመትኩ ሳልቆይ ጻፍኩ። እዚህም የሆነውን ሁሉ ለርዕሰ መምህሩ ራሴ ነግሬያለሁ። እጩነቱን ለሌላ ሰጥተውታል፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን እያየው ነው። ትልቁ ልጄ «አባ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ይህን የጻፍኩልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ገበያውን በመሀል አቋርጬ የጋሽ ጫኔን ቤት ጠየቅሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። ያመለከተኝ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ጋሽ ጫኔ ደጅ ላይ ማረሻ እየሳሉ ነበሩ። እግራቸው ላይ ስወድቅ «ተነሥ፤ ልብስህ ይቆሽሻል» አሉኝ። ሥራቸውን እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ።

ስለ እሳቱ ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አንድም አልጠየቁኝም። ስለ ሽማግሌዎቹም አላነሡም። ማረሻውን ውኃ ውስጥ ነክረው ካወጡ በኋላ፣

«ልጄን ወናፍ ንፊ ያልካት አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ወናፍ መንፋት ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ዐሥራ ሰባት ዓመት ጥያቄ ስጠይቅና ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደ ፈተና ቀና ብዬ አስቤ፣ «ነውር የለውም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ሳቁ?»

«እኔ ስላሳቅኋቸው።»

«ያን ዕለት ማታ ወናፉን ንፊልኝ ብላት እንቢ አለችኝ። ከዚያ በፊት እንቢ ብላኝ አታውቅም። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ የለም፤ አሁን በወረቀትህ ነው ያወቅሁት። እኔ ታዲያ በዚያ ቀን መታኋት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ትሕትና፣ ይህን አላውቅም ነበር። ለማንም ስላልነገርሽው ልጽፍልሽ ይገባ እንደሆነ ሳመነታ አድሬ ነው የጻፍኩት። እሳቸው መምታታቸውን አልረሱትም፤ አንቺም ዕወቂው ብዬ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ቅዳሴ ወጣ። ጋሽ ጫኔ እጃቸውን ታጥበው ወደ ቤት ገቡና ግባ አሉኝ። ሽሮውን ራሳቸው ነበር የሠሩት፤ እንጀራው የገብስ ነው። ቀየት ሳለሁ እናትሽ ሁለት ጊዜ ምግብ አቅርባልኝ ነበር፤ መስመሩን የዘረጋሁ ጊዜና ምድጃውን ልወስድ የመጣሁ ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ «ጾመኛ ነኝ» ብዬ ወጣሁ። አንደኛው ቀን እሑድ ነበር። ሌላውም ማክሰኞ፤ ሁለቱም የፍስክ ቀን። ያኔ ያላወቁብኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ጫኔ ሰሃኑን በመሀላችን አስቀምጠው አዩኝ። «ዛሬም ጾመኛ ነህ?» አሉኝ።

ዐቢይ ጾም ስለ ነበር እውነቱን ለመናገር ነበርኩ። «ነኝ» አልኩ።

«እኔም ነኝ» አሉና እንጀራውን ቆርሰው ወደኔ ገፉት።

በላሁ። አንገቴን ደፍቼ ሰሃኑ እስኪያልቅ በላሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው እያየ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የጥሩሸዋን መቃብር አሳዩኝ። እዚያ የሆነውን አልጽፈውም።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይበሉኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ስነሣ «ደግመህ ና» አላሉኝም፤ «አትምጣ»ም አላሉኝም። የጎረቤት ውሻ ሲዘልብኝ ግን ቶሎ ብለው በአንገቱ ያዙት፤ ወንዙን እስክሻገር ድረስም ይዘውት ቆሙ።

መርስዔ ኃዘን